በሁለት ወንበር ክፍት መርሴዲስ ረጅም መንገድ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

መርሴዲስ ኤስኤል 500 ስገዛ ያላስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። "ለከተማ ሽርሽር ነው እንጂ ረጅም መንገድ አትመነው" የሁሉም ቃል ነበር። እኔ ግን ከቨርጂኒያ አትላንታ በተደጋጋሚ ተመላልሼበታለሁ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ600 ማይል በላይ ነው። መኪናው የተሠራው ለዚህ ነው ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

የእኔ መኪና አር 230 የሚባለው ትውልድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እስከ 2012 ሞዴል ድረስ የተሸጠው ማለት ነው። ሁለት ወንበር፣ 5 ሊትር ቪ8 ሞተር። ጣሪያው ጨርቅ አይደለም፤ ጠንካራ ጣሪያ ነው፣ በ16 ሰከንድ ታጥፎ ትራንክ ውስጥ ይገባል። አዲስ እያለ ከብዙዎቻችን አቅም በላይ ነበር። ዛሬ ያገለገለ ካምሪ በሚሸጥበት ዋጋ ይገኛል። ስለዚህ ብዙ የአገሬ ልጅ እየገዛው ነው፤ ብዙውም መንገድ ላይ ሲቆምበት ይደነግጣል።

እኛ ሰፈር ጋሼ የምንላቸው መካኒክ አሉ። መኪናዬን መጀመሪያ ያዩ ቀን ሞተሩን አልነኩም። ትራንኩን ከፈቱና እጃቸውን ከምንጣፉ ስር ሰደዱ። ሲያወጡት ረጥቧል። መዳፋቸውን አሳዩኝና "ይሄ መኪና ሮጦ አይደለም የታመመው፣ ቆሞ ነው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የገጠመኝን ሁሉ ሳየው አብዛኛው ያው እሳቸው ያሉት ነው። ችግሩ የሚታየው መንገድ ላይ ቢሆንም የሚጀምረው ግቢ ውስጥ ነው።

ጣሪያው አልዘጋም ሲል

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጠይቀኝ ይሄንን ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

አንዴ ከአትላንታ ስንመለስ የባለቤቴ አክስት "ባዶ እጃችሁን አትሄዱም" አሉና በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ጫኑልን። ጣሪያውን ከፍተን ወጣን። ሻርሎት ልንደርስ ስንል ሰማዩ ጠቆረ። ከሀይዌይ ወጥቼ አንድ የነዳጅ ማደያ ጥግ ቆምኩና ማብሪያውን ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። አሁንም ዝም። የመጀመሪያው ጠብታ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ባለቤቴ ስልኮቻችንን ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ ጠቀለለች።

ወርጄ ትራንኩን ከፈትኩ። ውስጥ የሚጎተት መጋረጃ አለ፤ የታጠፈውን ጣሪያ ከዕቃው የሚለይ። በቀኝና በግራ መያዣው ላይ ገብቶ መቀመጥ አለበት። የበርበሬው ከረጢት ከስር ገፍቶት የቀኙ ጫፍ ከመያዣው ወጥቷል። መኪናው ይሄን በሴንሰር ያያል። መጋረጃው በቦታው ካልተቀመጠ "ዕቃ መንገዱን ዘግቷል" ብሎ ጣሪያውን አያንቀሳቅስም። ከረጢቱን አወጣሁ፣ መጋረጃውን ጎትቼ አስገባሁ፣ "ቀጭ" አለ። ጣሪያው ሲዘጋ ዝናቡ ወረደ። በርበሬው እስከ ቨርጂኒያ ባለቤቴ እግር ስር ተቀምጦ መጣ።

ስለዚህ ጣሪያው እምቢ ካለ መጀመሪያ መጋረጃውን እዩ። ከዚያ ትራንኩ እስከ መጨረሻው መዘጋቱን። መኪናው መቆም አለበት፣ እየሄደ አይሠራም። ሞተሩንም አስነሱ፣ ምክንያቱም የጣሪያው ፓምፕ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ባትሪው ደከም ካለ ሥራውን አይጀምርም፣ ወይም መሃል ላይ ይቆማል። መሃል ላይ ከቆመ በእጅ አትግፉት። ሞተሩ እየሠራ ማብሪያውን ይዛችሁ ቆዩ። እንዲያም ሆኖ እምቢ ካለና ትራንኩ ውስጥ የዘይት እርጥበት ካያችሁ ጣሪያውን በዘይት ግፊት ከሚያንቀሳቅሱት ቱቦዎች ወይም ሲሊንደሮች አንዱ እያፈሰሰ ነው። ይሄ የጋራዥ ሥራ ነው።

ስለ ዕቃም እዚሁ ልጨምር። ጣሪያው ተዘግቶ ትራንኩ 317 ሊትር ይይዛል፣ ሲከፈት ወደ 235 ይወርዳል። ጠንካራ ሻንጣ ይዛችሁ አትምጡ። ለስላሳ ቦርሳ ይዛችሁ ጎን ለጎን አስተኙት። የታጠፈው ጣሪያ የኋላ መስታወት ከመጋረጃው በላይ በቅርብ ርቀት ነው የሚተኛው። ከስር የሚገፋ ነገር ካለ ሊሰበር ይችላል፣ የመስታወቱ ዋጋ ደግሞ ያሳምማል። ጣሪያው ታጥፎ እያለ ዕቃ ማውጣት ከፈለጋችሁ ትራንኩን ከፍታችሁ ጣሪያውን ብድግ የሚያደርገውን ቁልፍ ተጫኑ። ብዙ ሰው ይሄ ቁልፍ መኖሩን ሳያውቅ በጠባቡ ክፍተት ሲታገል አያለሁ።

ነዳጅ ሞልታችሁ ስትመለሱ ሞተሩ አልነሳም ሲል

ሦስት ሰዓት ያለ ምንም ችግር ነድታችኋል። ቆማችሁ ሞላችሁ፣ ቡና ገዛችሁ። ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሩ ይዞራል ግን አይነሳም። ባትሪው ደህና ነው፣ ቤንዚንም አለ።

ሲዞር የሞተር ዙር ቆጣሪውን መርፌ ተመልከቱ። ንቅንቅ የማይል ከሆነ ዋናው ተጠርጣሪ የክራንክ ሻፍት ሴንሰር ነው። ሞተሩ ከጊርቦክሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በአንድ ብሎን የታሰረች ትንሽ ዕቃ ናት። ሞተሩ የቱ ጋ እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የምትነግረው እሷ ናት። ስታረጅ ሙቀት ይበግራታል። እየነዳችሁ ንፋሱ ያቀዘቅዛታል፤ ስትቆሙ የሞተሩ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣና ዝም ያሰኛታል።

መፍትሄው ለጊዜው ትዕግስት ነው። ኮፋኖውን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ ስትቀዘቅዝ ይነሳል። ከዚያ ግን "ዳነ" ብላችሁ አትርሱት። በሚቀጥለው ጊዜ በመሃል መስመር ላይ ሊሆን ይችላል። ዋጋዋ ከአንድ ሙሉ ታንክ ፕሪሚየም ቤንዚን ብዙም አይርቅም። ዕድሜዋን የማታውቁት ከሆነ ሳትታመም ቀይሯት። ርካሽ ስም የለሽ ዕቃ አትግዙ፤ ኦሪጅናል ወይም ቦሽ ይሁን።

ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ መኪናው አንድ ጎኑ ተኝቶ ስታገኙት

የዚህ መኪና ትልቁ ውበትም ትልቁ ወጪም ያለው እዚህ ነው። አሜሪካ የመጡት ኤስኤሎች ኤ.ቢ.ሲ የሚባል ሰስፔንሽን (መኪናውን ጎማዎቹ ላይ የሚሸከመው ክፍል) አላቸው። በየጎማው ሞላ ብቻ ሳይሆን በዘይት ግፊት የሚሠራ ሲሊንደር አለ። ግፊቱ እስከ 200 ባር ይደርሳል። ኩርባ ላይ መኪናው የማይዘነበለው በዚህ ነው።

ለብዙ ቀን ቆሞ ትንሽ ዝቅ ማለቱ አያስደነግጥም። ሞተሩ ሲነሳ ይነሳል። በአንድ ሌሊት አንድ ጥግ ጎማው ላይ እስኪወድቅ ከወረደ ግን ግፊቱን የሚይዘው የቫልቭ ሳጥን ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል ማለት ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ሰስፔንሽኑ ድንጋይ ድንጋይ ካለባችሁ ወይም ቱቦ ከፈነዳ ናይትሮጅን የያዙት፣ ግፊቱን የሚያለዝቡት የብረት ኳሶች ሞተው ሊሆን ይችላል። ውስጣቸው ያለው ጎማ ሲበጣጠስ ፍርፋሪው ከዘይቱ ጋር ሄዶ ቫልቮቹን ይዘጋል። አንዱ ጥፋት ሌላውን የሚወልደው እንዲህ ነው። ስለዚህ ኳሶቹን በጊዜ መቀየርና ዘይቱን ማጠብ ከሁሉም ርካሹ መንገድ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ "ኤ.ቢ.ሲ ቪዚት ወርክሾፕ" የሚል ነጭ ጽሑፍ ከመጣ ከ50 ማይል በሰዓት ሳታልፉ ጋራዥ መድረስ ትችላላችሁ። ቀይ ሆኖ "ስቶፕ፣ ካር ቱ ሎው" ካለ ግን ቁሙ። ጥግ ያዙና ከስር እዩ። አረንጓዴ ዘይት መሬት ላይ ካለ ሞተሩን አጥፉና በጠፍጣፋ መኪና አስጭኑት። ፓምፑ ያለ ዘይት ከዞረ ይበላሻል። ያው ፓምፕ መሪውንም የሚያግዝ ስለሆነ የሁለቱንም ዋጋ ትከፍላላችሁ። መደበኛ የመሪ ዘይት ግን በፍጹም አትጨምሩ። የዚህ ዘይት ፔንቶሲን ሲ.ኤች.ኤፍ 11 ኤስ ነው። እኔ አንድ ሊትር ትራንክ ውስጥ ሳልይዝ ከከተማ አልወጣም።

መስኮት፣ ሬዲዮ፣ የወንበር ማሞቂያ ተራ በተራ ሲጠፉ

"ኮንቪኒየንስ ፈንክሽንስ ቴምፖራሪሊ አናቬይለብል" የሚል ጽሑፍ ከመጣ መኪናው ኤሌክትሪክ እየቆጠበ ነው። ሁለት ባትሪ አለው። ትንሹ ሞተሩ ጋ ሆኖ ሞተር ያስነሳል፤ ትልቁ ትራንክ ውስጥ ሆኖ ሌላውን ሁሉ ይመግባል። ሞተሩ ቶሎ ስለሚነሳ ሰው "ባትሪዬ ደህና ነው" ይላል። የደከመው ግን የኋላው ነው። ክረምቱን ሙሉ የቆመ መኪና ሁሌም እንዲህ ይሆናል። ግቢ ሲቆም ቻርጀር ሰክታችሁ ተዉት። ካረጀ ቀይሩት።

ባትሪው አዲስ ሆኖም በሮቹ አልቆለፍ ካሉ ጋሼ ያደረጉትን አድርጉ። የትራንኩን ምንጣፍ በቀኝ በኩል አንሱና እጃችሁን ስደዱ። በትራንኩ አፍ ዙሪያ የዝናብ ውሃ የሚወርድባቸው ቱቦዎች አሉ። ዛፍ ስር የቆመ መኪና ቅጠል ይሞላባቸዋል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይገባል። በሮቹን የሚቆልፈው የአየር ፓምፕ ደግሞ እዚያው ቀኝ ጥግ ነው የተቀመጠው። ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። ቱቦዎቹን በዓመት ሁለት ጊዜ ማጽዳት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ንፋሱ ማጅራታችሁን ሲመታ፣ ራስ ሲያዞር

ንፋሱ ከፊት የሚመጣ ይመስላችኋል፤ የሚመጣው ግን ከኋላ ነው። የፊት መስታወቱን አልፎ የሄደው አየር ከወንበሮቹ ጀርባ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ተጠቅልሎ ይመለሳል። ከወንበሩ ኋላ ያለውን የንፋስ መከለያ አቁሙት፣ የጎን መስኮቶቹን ዝጉ፣ ወንበሩን ዝቅ አድርጉት። ልዩነቱ የሚገርም ነው። በ70 ማይል ላይ ማውራት ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ የጆሮ መድፈኛ ያዙ፤ ቀኑን ሙሉ የንፋስ ጩኸት መስማት ራሱ ድካም ነው።

ፀሐዩን ግን አደራ። አየሩ እየነፈሰ ስለሚያቀዘቅዛችሁ መቃጠላችሁ አይታወቃችሁም። "እኛን ፀሐይ አያቃጥለንም" የሚለውን ተዉት፣ ያቃጥላል። ባለቤቴ ከግሪንቪል እስከ አትላንታ ብቻ ግንባሯ ተላጠ። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጣሪያውን ዘግታችሁ ንዱ፣ ጠዋትና ማታ ክፈቱት። ኮፍያና የፀሐይ ክሬም ይኑራችሁ፣ ውሃም ሳይጠማችሁ ጠጡ።

መሪው ሲንቀጠቀጥ፣ ጎማው ሲያጉረመርም

ጥርሱ ሙሉ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ትንሽ የተነዳ መኪና ጎማው ጥርስ ይዞ ያረጃል። ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2317 ካለ በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ረጅም ጊዜ አንድ ቦታ የቆመ ጎማም ጠፍጣፋ ይሆናል። ትንሽ ሲነዳ ከለቀቀ ደህና፣ ካልለቀቀ ቀይሩት። በ18 ኢንች ቸርኬ የሚመጡት የኋላው ከፊቱ ይሰፋል፣ ስለዚህ ከፊት ወደ ኋላ ማዘዋወር አይቻልም። እንደ ሌላ መኪና ሙሉ ስኮርታም የለውም። ፓምፕና መድፈኛ ያዙ።

ፍሬን ፔዳሉ ጠንክሮ ረጅም ሲሄድ

ይሄ መኪና ኤስ.ቢ.ሲ የሚባል የኤሌክትሪክ ፍሬን አለው። ቀይ የፍሬን ማስጠንቀቂያ ከመጣ ሲስተሙ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ወደሚይዝ መጠባበቂያ ይወርዳል። ፔዳሉን በሙሉ ጉልበታችሁ ረግጣችሁ ቁሙ። ከዚያ በኋላ አንድ ማይል እንኳ አትንዱ፤ አስጭኑት።

የነዳጅ መብራት ተራራ ላይ ሲበራ

ለዚህ መኪና ከሀይዌይ ይልቅ ተራራው ይሻላል፤ እኔ እንደሱ ነው የማምነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከፍሮንት ሮያል የሚጀምረው ስካይላይን ድራይቭ የሚባል የተራራ መንገድ 105 ማይል ነው፣ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል። ማደያ ያለው ማይል 51 ላይ ቢግ ሜዶውስ ብቻ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ 469 ማይል ይረዝማል፣ በራሱ ላይ አንድም ማደያ የለውም። ታንከሩ ወደ 21 ጋሎን ይይዛል፤ ሁለቱ መንገዶች በሚገናኙበት አጠገብ ባለችው ዌይንስቦሮ ሞልታችሁ ግቡ።