የአሜሪካን የጎብኚ ቪዛ በኢንተርኔት ሲያመለክቱ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ መሄድ የሚፈልጉ ወላጆች የሚሞሉት የቪዛ ማመልከቻ ዲኤስ-160 ይባላል። መልሶቹ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ አብዛኛውን ጊዜ ፎርሙን የሚሞላው ባለጉዳዩ ራሱ ሳይሆን ልጁ፣ የእህቱ ልጅ ወይም የኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ነው። ለእናቴና ለሁለት አክስቶቼ ስሞላ እንዳየሁት፣ የኮምፒውተር ችግር የሚመስለው አብዛኛው እክል የሚነሳው ከዚሁ ነው፤ ስለ አንድ ሰው ሕይወት የሚጠየቀውን ሌላ ሰው በግምት ይጽፈዋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጉ፤ ባለጉዳዩም አጠገባችሁ ይቀመጡ፣ ሩቅ ከሆኑም በስልክ ይገኙ።

ፎርሙ ገና ሲከፈት ገንዘብ ይጠይቃል

የገባችሁት ወደ መንግሥታዊው ገጽ አይደለም። ዲኤስ-160ን ለመሙላት የሚጠየቅ ክፍያ የለም፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 185 ዶላር የሆነው የማመልከቻ ክፍያ የሚፈጸመው ለብቻው፣ ከቀጠሮው ጋር ተያይዞ ነው። ገጹን ዘግታችሁ አድራሻው በ«ጎቭ» ወደሚያበቃው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገጽ ሂዱ።

የተሞላው ይጠፋል፤ ወይም ተመልሶ አይከፈትም

ገጹ ለ20 ደቂቃ ያህል ምንም ሳይነካ ከቆየ ራሱን ይዘጋል። እናቴ ከጡረታ በፊት የሠሩበትን ጊዜ እያሰቡ፣ እኔም የድሮ ወረቀት ሳገላብጥ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የደከምንበት ሥራ እንዲሁ ጠፍቶብናል። መፍትሔው ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ያለውን የማስቀመጫ ቁልፍ ሳይሰለቹ መጫን ነው፤ በተለይ የሥራና የጉዞ ታሪክ የሚጠየቅባቸው ገጾች ጊዜ ስለሚወስዱ መልሶቹን አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ መቅረቡ ብዙ ድካም ያድናል። የተቀመጠው ማመልከቻ በገጹ ላይ የሚቆየው ለ30 ቀን በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ የሚዘገይ ሰው ፋይሉን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ማውረድ ይኖርበታል።

ተቀምጦም አልከፈት የሚልበት ጊዜ አለ። ማመልከቻውን መልሶ ለመክፈት በሁለት «ኤ» ፊደላት የሚጀምረው መለያ ቁጥር፣ የቤተሰብ ስም የመጀመሪያ አምስት ፊደላት፣ የትውልድ ዓመትና ሲጀመር የተመረጠው የምሥጢር ጥያቄ መልስ ይጠየቃሉ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ገጹ የሚከለክል ከሆነ፣ መጀመሪያ ስሙንና ዓመቱን ጠርጥሩ። ፎርሙን የሞላው ሰው አንድ ቀን የአባትን፣ ሌላ ቀን የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አስገብቶ ይሆናል፤ ወይም በአንዱ ቀን የእኛን ዓመት፣ በሌላው የፈረንጁን ጽፏል። አራቱንም በተሞሉበት ቅጽበት በአንድ ወረቀት ላይ መዝግቡ።

ስምና የትውልድ ቀን ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥሙም

በእኛ ልማድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ፣ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሣጥን ሁሉንም ያደናግራል። ጊዜያችሁን በክርክር አታጥፉ፤ የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ግርጌ ተመልከቱ። እዚያ ባሉት ሁለት የማሽን መስመሮች ውስጥ ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ የተጻፈው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከሁለቱ ተከታታይ የቀስት ጫፍ መሰል ምልክቶች በኋላ የሚመጣው ደግሞ የተቀረው ስም ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ስለሚጻፍ፣ የፓስፖርቱ አጻጻፍ ባይጥማችሁም አንድ ፊደል ሳትለውጡ እርሱኑ ገልብጡ።

የትውልድ ቀኑም እንደዚሁ ከፓስፖርቱ ይወሰዳል። ፓስፖርት የሌላቸው የባለጉዳዩ ወላጆች የትውልድ ቀን ሲጠየቅ ግን ሰባት ዓመት ብቻ መደመር ያሳስታል። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል፤ ጥር 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በፈረንጁ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 1963 ነው። የአያቶቻችሁ የልደት ቀን በእውነት የማይታወቅ ከሆነ «አላውቅም» የሚለው ሣጥን የተቀመጠው ለዚሁ ስለሆነ፣ ቀን ፈጥራችሁ አትሙሉ።

የአማርኛ ፊደል ስህተት ነው ይላል

የስልኩ ወይም የኮምፒውተሩ ጽሕፈት ወደ አማርኛ ዞሮ ቀርቷል። ስም በአገር ቤት ፊደል ከሚጻፍበት ሣጥን በስተቀር ሌላው ሁሉ በላቲን ፊደል ይሞላል።

ፎቶው አልጫን ይላል

ፎቶው አራቱም ጎኑ እኩል፣ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክሰል፣ በጄፔግ ዓይነትና ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን አለበት። ከአገር ቤት የሚላክ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመንገድ ላይ ነው፤ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ፣ እንደ ፋይል ላኩልን በሏቸው፤ ከዚያም እናንተው ቆርጣችሁ ልኩን አስተካክሉ። ልኩ ትክክል ሆኖም ውድቅ የሚሆንበት ምክንያት ይኖራል፦ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ፎቶ፣ ነጭ ያልሆነ ግድግዳ፣ ፊትን የሚያሳምር የስልክ ማጣሪያ፣ እንዲሁም ከኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለው መነጽር። በሃይማኖት ምክንያት ዘወትር ራሳቸውን የሚሸፍኑ እናቶች ሻሻቸውን ማውለቅ አይገደዱም፤ ፊታቸው ግን ሙሉ በሙሉና ያለ ጥላ መታየት አለበት።

መልሱን የሞላው እንጂ ባለጉዳዩ አያውቀውም

ይህ እክል በስክሪኑ ላይ አይታይም፤ የሚገለጠው በቃለ መጠይቁ መስኮት ፊት ነው፤ ከሁሉ የሚጎዳውም እርሱ ነው። ፎርሙን የሞላው ሰው «ይጠቅማል» ብሎ አሜሪካ ያለን ልጅ ይደብቃል፣ ቀድሞ የተከለከለ ቪዛን ይተዋል፣ ወይም ልጃቸው ለመኖሪያ ፈቃድ ያስገባላቸውን ጥያቄ ሳይጠቅስ ያልፋል። ሆን ተብሎ የተሰጠ ሐሰተኛ መልስ ባለጉዳዩን ለዘለቄታው ከመግባት ሊያስከለክል ይችላል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን ጥያቄና መልስ በአማርኛ እያነበባችሁ አስረዷቸው። ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀሙባቸው ስልክ ቁጥሮችና የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ሲጠየቁም፣ የልጅ ልጅ በስልካቸው የከፈተላቸውን ፌስቡክ ጭምር አስታውሷቸው። በመጨረሻው ገጽ የረዳቸው ሰው መኖሩ ይጠየቃል፤ «አዎ» ብላችሁ ስማችሁን ጻፉ። የመላኪያውን ቁልፍ ግን ባለጉዳዩ ራሳቸው ይጫኑት፤ ፎርሙን ሌላ ሰው ቢሞላውም የፊርማው ኃላፊነት የእርሳቸው ነው።

ከተላከ በኋላ ስህተት ተገኘ

የተላከ ፎርም አይታረምም። የቀድሞውን ቁጥር ተጠቅማችሁ የተሞላውን ወደ አዲስ ማመልከቻ ማዞርና የተሳሳተውን ብቻ አስተካክሎ እንደገና መላክ ይቻላል። አዲሱ ፎርም ግን አዲስ ቁጥርና አዲስ ባርኮድ ይኖረዋል። ብዙዎች ይህን ይረሱና በቀጠሮው መዝገብ ላይ የድሮው ቁጥር እንደተመዘገበ ይቀራል። ስለዚህ የቀጠሮ ገጹን ከፍታችሁ ቁጥሩን በአዲሱ ተኩ፣ አዲሱን የማረጋገጫ ወረቀትም አትሙ፤ የድሮውን ወረቀት ደግሞ በቃለ መጠይቁ ቀን እንዳይሳሳቱበት ከእናቲቱ ቦርሳ አውጡት።