የከባድ አእምሮ ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ስኳር፣ ግፊትና ክብደት እንዴት እንከታተል?

በደሴ፣ በወልድያ ወይም በከሚሴ ዙሪያ ለብዙ ዓመታት የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሲወስዱ የኖሩ አባት ወይም እናት ያሉት ቤተሰብ ዘወትር የሚጠነቀቀው ሕመሙ እንዳያገረሽ ነው፤ እንቅልፋቸው ከተስተካከለና ንግግራቸው ከተረጋጋ ሌላው ሁሉ ደኅና ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፤ ለዚህም ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እንደ ልብ ሕመምና ስኳር ያሉ መከላከል የሚቻልባቸው አካላዊ በሽታዎች ናቸው።

በመጀመሪያ የሚወስዱትን መድኃኒት በስሙ ማወቅ ያስፈልጋል። ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ክብደትን፣ የደም ስኳርንና ስብን ከሌሎቹ ይልቅ ይጨምራሉ፤ ሪስፔሪዶንና ክሎርፕሮማዚን መካከለኛ ናቸው። ሃሎፔሪዶል በዚህ ረገድ ቀለል ቢልም መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር ስለሚያመጣ ለአረጋውያን የራሱ ችግር አለው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ሐኪሙን ለመጠየቅ እንጂ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ለማቋረጥ አይደለም። ጸበል ለመግባትም ሆነ ዱዓ ለማስደረግ ሲታሰብ መድኃኒቱን ማቆም ግድ የሚመስላቸው ቤተሰቦች አሉ፤ ሁለቱ ግን አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ቀጥሎ አንድ ደብተር ይዘጋጅና ክብደታቸው በየወሩ በአንድ ሚዛን እየተለካ ይመዝገብ፤ ሚዛን በሌለበት ገጠር የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሜትሩ በታችኛው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል ይዞርና ትንፋሽ ሲወጣ ይነበባል፤ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ለባለሙያ ይነገር። በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር (mg/dL) ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ግን የስኳር በሽታ ነው። ስኳርና ግፊት አዲስ መድኃኒት ሲጀመር፣ ከ3 ወር በኋላና ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት አለባቸው። በተግባር ግን የአእምሮ ክፍሉ ጉዳዩን ለውስጥ ደዌ ሲተወው፣ የውስጥ ደዌውም «የአእምሮ ታካሚ ናቸው» ብሎ ሲመልሳቸው ምርመራው መሀል ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ አስታማሚው በቀጠሮ ቀን ደብተሩን አውጥቶ በግልጽ ይጠይቅ።

ውኃ መጥማት፣ ሌሊት ደጋግሞ መሽናት፣ መድከምና መነጫነጭ ሲታዩ ቤተሰብ «ሕመሙ ተነሣባቸው» ማለት ይቀናዋል። ስኳር መለካት መቅደም አለበት። ድንገተኛ መክሳትም በዚህ ዕድሜ የምሥራች አይደለም፤ ያልታወቀ ስኳር ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ምግብን በተመለከተ፣ ድርሻቸውን ለይቶ ማቅረብ እንደ ማግለል ስለሚቆጠር አልመክረውም፤ ከገበታው ላይ እንጀራውን ቀነስ፣ ምስሩንና ጎመኑን በዛ ማድረግ ለሁሉም ይበጃል። ይበልጥ የሚጎዳው ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው የሚጨመረው ስኳርና ከጫት ጋር የሚጠጣው ለስላሳ ነው፤ ጫቱ ራሱ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የአእምሮ ሕመሙንም ሊያባብስ ይችላል። በጾም ወቅት የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ሊቲየም የተባለውን የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ውኃ ሳይጠጡ ከዋሉ መድኃኒቱ በደማቸው ውስጥ ወደ መርዛማ መጠን ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሁዳዴ ወይም ረመዳን ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይገባል፤ የንስሐ አባትም ሆኑ ሼኹ ለሕመምተኛ የሚሰጡት ፈቃድ አለ።

በየቀኑ በሜዳማ መንገድ ጥቂት መራመድ ስኳሩንም ጡንቻውንም ይረዳል። ክሎርፕሮማዚንን የመሰሉ መድኃኒቶች ሰው ከተኛበት ሲነሣ ግፊቱን ስለሚጥሉ ግን ከመኝታ ተነሥተው ጥቂት ቁጭ ብለው ይቁሙ።

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አረጋዊ በድንገት ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡና ንግግራቸው ከተዛባ፣ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይሰጣቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳይደረግ፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ተይዘው በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወዲያውኑ ይወሰዱ።