ፍሬምወርክ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ከምልክቱ እንነሳ

ፍሬምወርክ ማለት ድረ ገጽ ሲሰራ ተደጋጋሚውን ሥራ የሚሸከም ዝግጁ የኮድ መዋቅር ነው። ፕሮጀክቱ ገና ምን እንደሆነ ሳይታወቅ «ሪአክት ይሻላል ወይስ ቪው?» (ሁለቱም ገጽ መስሪያ የጃቫስክሪፕት መሣሪያዎች ናቸው) የሚል ክርክር ይጦፋል። እኔ የምነሳው ግን ከኮዱ ነው። ኮዱ ላይ የሚታየው ችግር ፍሬምወርክ እንደጎደለ፣ እንደበዛ ወይም ጥፋቱ ጭራሽ የሌላ እንደሆነ ያሳብቃል።

ምልክት፦ ገጹ ሲከፈት ነጭ ሆኖ ይቆያል

ድረ ገጹ አምስት ገጽ ነው። ስለ እኛ፣ አገልግሎት፣ አድራሻ፤ በቃ። ኢንተርኔቱ ደከም ሲል ግን ጽሑፉ እስኪመጣ ነጩን ማየት ነው። ብራውዘሩ ላይ የገጹን ምንጭ ኮድ ክፈቱ። አንድ ባዶ ዲቭ (የይዘት መያዣ) እና አንድ የጃቫስክሪፕት ፋይል ብቻ ካገኛችሁ መንስኤው ተያዘ። ገጹ የሚሰራው ጎብኚው ስልክ ውስጥ ነው ማለት ነው። ጃቫስክሪፕቱ ወርዶ እስኪሰራ ድረስ የሚታይ ነገር የለም።

መፍትሄ፦ ሪአክቱን አውጡት። ለዚህ ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ይበቃል። ያንኑ ሜኑ አምስት ቦታ መቅዳት ከሰለቻችሁ፣ እንደ ሁጎ ያሉ ገጾቹን አስቀድመው አዘጋጅተው የሚያስቀምጡ መሣሪያዎች አሉ።

ምልክት፦ ስም መሙያው ላይ ነጠላ ጥቅስ ሲገባ ገጹ ኤረር ይተፋል

ሁሉም ሰው ይመዘገባል፤ ኦ'ኮነር የሚባል ሲመጣ ግን ገጹ ይወድቃል። መንስኤው የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ማዘዣ ቋንቋ) ትዕዛዙ ተጠቃሚው ከጻፈው ጋር በመደመር ምልክት እየተቀጠለ መሰራቱ ነው። ስሙ ውስጥ ያለው ጥቅስ ትዕዛዙን መሃል ላይ ይዘጋዋል። ቀላል ስህተት አይምሰላችሁ፤ በዚያው ቀዳዳ ተንኮለኛ ሰው ሠንጠረዡን በሙሉ ሊያነብ ወይም ሊያጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ «ይኸው፣ ፍሬምወርክ ያስፈልግ ነበር» የሚል አይጠፋም። ለዚህ እንኳን አያስፈልግም። የፒኤችፒው የዳታቤዝ ማገናኛ ፒዲኦ ተጠቃሚው የጻፈውን ከትዕዛዙ ለይቶ ይቀበላል፤ የፓይተን የዳታቤዝ ላይብረሪዎችም እንደዚያው። የጥቂት መስመር ሥራ ነው።

ይህን ስታስተካክሉ ግን የቀረውንም ፈትሹ። ፓስወርዱ የሚቀመጠው በኤምዲ5 (በቀላሉ በሚሰበር አሮጌ ዘዴ) ነው? ፎርሞቹ የሲኤስአርኤፍ ቶክን (ጥያቄው ከራሳችሁ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ምስጢራዊ ኮድ) የላቸውም? የገጽ አድራሻዎቹን የሚያከፋፍለው ማለቂያ የሌለው ኢፍ ኤልስ ነው? መልሱ በአብዛኛው አዎ ከሆነ፣ ሳታውቁት የራሳችሁን ፍሬምወርክ እየጻፋችሁ ነው። ያውም ዶክመንቴሽን የሌለው፣ ከእናንተ በቀር ማንም የማይረዳው።

መፍትሄው እንግዲህ እዚህ ጋ ፍሬምወርክ ነው። የፓይተኑ ጃንጎ ከ2005፣ የፒኤችፒው ላራቬል ከ2011 ጀምሮ ይህንኑ ጣጣ ሲሸከሙ ኖረዋል። ጃንጎ ላይ የሲኤስአርኤፍ መከላከያው በርቶ ነው የሚመጣው፤ ፓስወርዱንም በአግባቡ ሃሽ አድርጎ (ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ ቀይሮ) ያስቀምጣል፤ የአስተዳዳሪ ገጽ ሳይቀር አለው። ብቻ ሁሉንም በአንዴ አፍርሳችሁ እንዳትጽፉ። ከሎግኢኑ ጀምሩ። አዲሱን ክፍል በፍሬምወርኩ ጻፉ፤ የቀሩት ገጾች ተራቸው እስኪደርስ በነበሩበት ይሥሩ።

ምልክት፦ ቅርጫቱ ላይ 3 ይላል፣ ዝርዝሩ ላይ 4 ዕቃ አለ

መንስኤ፦ አንዱ መረጃ ሁለት ቦታ ተቀምጧል። ዕቃ ሲጨመር ዝርዝሩን የሚያድሰው ኮድ ከላይ ያለውን ቁጥር ረስቶታል።

መፍትሄ፦ ዕቃዎቹን አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጡ፤ ቁጥሩንም ዝርዝሩንም ከዚያው የሚያወጣ አንድ ፈንክሽን ጻፉ። ለአንድ ገጽ ይኼ በቂ ነው። ማጣሪያው፣ ማስተካከያ ፎርሙና ማሳወቂያው ሁሉ ያንኑ መረጃ መጋራት ሲጀምሩ ግን ፈንክሽናችሁ ያብጣል። ያኔ ቪው ወይም ሪአክት። ቪው በአንድ የስክሪፕት መስመር ነባር ገጽ ላይ ስለሚገባ መጀመሪያ እሱን ብትሞክሩ ይቀላል ባይ ነኝ።

ምልክት፦ «ፍሬምወርኩ ቀርፋፋ ነው»

ፍሬምወርኩን ከመራገማችሁ በፊት ወደ ዳታቤዙ የሚሄዱትን ጥያቄዎች ቁጠሩ። 100 ጽሑፍ ከነጸሐፊው ስም የሚዘረዝር ገጽ 101 ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል፤ አንዴ ለዝርዝሩ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ። ጸሐፊዎቹን በአንድ ላይ የሚያመጣው ትዕዛዝ፣ ጃንጎ ላይ ሰለክት ሪሌትድ፣ ላራቬል ላይ ዊዝ፣ ይፈታዋል። ፍሬምወርክ መቀየር አይፈታውም፤ አዲሱም ላይ ያው ይጠብቃችኋል።

ምልክት፦ ግማሹ ኮድ ፍሬምወርኩን ለማታለል የተጻፈ ነው

ብዙውን ጊዜ ሥራው ፍሬምወርኩ ከሚያስበው ቅርጽ ወጥቷል። ለምሳሌ ዳታቤዙ ነባር ነው፣ ሠንጠረዦቹም ዋና ቁልፋቸው (እያንዳንዱን ረድፍ የሚለየው) ከሁለት ዓምድ የተሰራ ነው። ጃንጎ ይህን መደገፍ የጀመረው በ2025 በወጣው በ5.2 ነው። ያ ክፍል ትንሽ ከሆነ በቀጥታ ኤስኪውኤል ጻፉለትና እለፉ። ፕሮጀክቱ በሙሉ እንዲህ ከሆነ ግን እንደ ፍላስክ ያለ ቀለል ያለ የፓይተን ፍሬምወርክ ይሻላል።

ምልክት፦ ወደ አዲሱ ቨርዥን ሲኬድ ሁሉም ይሰበራል

የጉግሉን የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ አንጉላር ጄኤስን አስታውሱ። በ2016 አንጉላር 2 እንደ አዲስ ተጽፎ ሲመጣ የድሮው ኮድ እንዳለ አልገባም፤ የአሮጌው ድጋፍም በ2021 መጨረሻ አበቃ።

መንስኤው ግማሽ የፍሬምወርኩ ሠሪዎች፣ ግማሽ የእናንተ ነው። የእናንተው ድርሻ ይኼ ነው፦ የዋጋ ስሌቱ፣ የቅናሽ ሕጉ፣ ሁሉም ኮንትሮለር (ጥያቄ የሚቀበለው የፍሬምወርኩ ክፍል) ውስጥ ተወትፏል። ስሌቱን አውጥታችሁ ተራ ፈንክሽን አድርጉት፤ ፍሬምወርኩን ሳታስነሱ ቴስቱ ማለፍ አለበት። ከመምረጣችሁ በፊት ደግሞ የድጋፍ ጊዜውን እዩ። የጃንጎ ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያላቸው) ቨርዥኖች ለሦስት ዓመት ያህል የደኅንነት ማስተካከያ ያገኛሉ። ፕሮጀክቱ አምስት ዓመት የሚኖር ከሆነ፣ ቢያንስ አንዴ ማሻገር እንዳለ ከወዲሁ የሥራ ዕቅዱ ላይ አስገቡት።