ለማታና ለንጋት ድንግዝግዝ የሚሆን የጦር ሜዳ መነጽር አመራረጥ

ጎጃም ላይ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ብዙ አታቆይም። ኅዳር ላይ 12 ሰዓት ገደማ፣ ሐምሌ ላይ ወደ 1 ሰዓት ሲቃረብ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ በባዶ ዓይን ቁጥቋጦን ከእንስሳ ለመለየት የሚያስችለው ብርሃን የሚቆየው ከ20 እስከ 24 ደቂቃ ነው። ድኩላ ከጫካው ጠርዝ ብቅ የሚለው፣ የዱር አሳማ በቆሎ ውስጥ የሚገባው፣ ጃርት ከጉድጓዱ የሚነሳው ደግሞ በዚያችው ሰዓት ነው። ንጋት ላይም እንዲሁ። ለአደንም ሆነ ለማሳ ጥበቃ የሚገዛ መነጽር የሚመዘነው እነዚህን ደቂቃዎች ስንት ያህል ያራዝማል በሚለው ነው።

ገበያ ላይ ግን ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያቀርባል?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ትልቁን ቁጥር ያሳየዋል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ

በመነጽሩ አካል ላይ 8×42 ወይም 7×50 የሚል ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉት ወደ ዓይናችሁ የሚወጣውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛላችሁ። መነጽሩን በተዘረጋ ክንድ ይዛችሁ ወደ ብሩህ ሰማይ ብታዞሩት በዓይን ሌንሱ (ዓይናችሁን በምታስጠጉበት በኩል ባለው ሌንስ) መሃል የምትታየው ነጭ ክብ እሷ ናት።

7×50 ላይ ይህ ክብ 7.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 8×56 ላይ 7፣ 8×42 ላይ 5.25፣ 10×50 ላይ 5፣ 10×42 ላይ 4.2፣ 8×30 ላይ 3.75፤ ኪስ የምትገባው 10×25 ላይ ደግሞ 2.5 ብቻ።

አሁን የራሳችሁን ዓይን አስቡ። የዓይን ብሌን እኩለ ቀን ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ትጠብባለች። ሲጨልም የወጣት ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ትከፈታለች፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን መከፈቷ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከ50 ዓመት በላይ ባሉ ብዙ ሰዎች 5 አካባቢ ላይ ትቆማለች። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ ትንሿ 10×25 እና ትልቁ 8×42 እኩል ብሩህ ይመስላሉ፤ ብሌኗ ጠባብ ስለሆነች ከዚያ በላይ የሚመጣውን ብርሃን አታስገባውም። ልዩነቱ የሚወጣው ማታ ነው። ትንሿ ጨለማ ስታሳይ ትልቁ ገና ሣሩን ከእንስሳው እግር ይለያል።

ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። ብሌኑ ከ5 በላይ የማይከፈት የ55 ዓመት ሰው 8×56 ቢገዛ ከሚወጣው ብርሃን ግማሽ ያህሉ ከብሌኑ ውጭ ይቀራል፤ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚያየው 8×42 የያዘው ጎረቤቱ ከሚያየው ብዙም አይሻልም። 8×56 የጀርመንና የኦስትሪያ አዳኞች ከፍ ያለ መጠበቂያ ላይ ተቀምጠው ረጅሙን የአውሮፓ ምሽትና የጨረቃ ብርሃን የሚጠቀሙበት መሣሪያ ነው። እዚህ ጥሩ የሚሆነው ወጣት ዓይን ላለውና አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው ነው። የጮቄን ገደል ሲወጣ ሲወርድ ለሚውል ሰው ሸክም ይሆናል።

አንዳንድ ማስታወቂያ «የድንግዝግዝ ቁጥር» የሚል ነገር ይጠቅሳል። ሁለቱ ቁጥሮች ተባዝተው የውጤቱ ካሬ ሥር (ስኩዌር ሩት) ሲወሰድ የሚገኝ ነው፤ ለ8×42 ወደ 18.3፣ ለ10×50 ወደ 22.4 ይሆናል። እውነት የያዘ ነገር አለው፤ ማቅረብ በራሱ ዝርዝር ያወጣልና። የመስታወቱን ጥራት ግን ፈጽሞ አያውቅም። «30×60» ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ መነጽር በዚህ ሂሳብ 42 ያገኛል፤ ማታ ግን ምንም አያሳይም።

አንድ መነጽር ብቻ ለሚገዛ ሰው ምርጫው 8×42 ነው። ገንዘቡ ካነሰ 7×50 ባለ ክርን ቅርጽ (ምን እንደሆነ ከታች አለ)። 10×50ን የምንመክረው መደገፊያ ለሚጠቀም ሰው ነው። ከ10 በላይ ያለው በእጅ ተይዞ ይንቀጠቀጣል፤ ሲጨልም መንቀጥቀጡ ከብርሃን ማነሱ ጋር ተደምሮ የቀንድን ቅርጽ ያጠፋል።

የተጻፈውን አትመኑ፣ ለኩ

ወደ ሱቅ ስትሄዱ ማስመሪያ ያዙ። «60» የሚል ከተጻፈበት የፊተኛውን ሌንስ መስታወት ከዳር እስከ ዳር ለኩት። በርካሽ ተጣጣፊ መነጽሮች ላይ የተጻፈው ቁጥር ከእውነተኛው ሁለት እጥፍ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። «ቀንና ማታ» ወይም «ናይት ቪዥን» የሚል ጽሑፍ ኖሮት ባትሪ የማይገባበት መነጽር የማታ ማያ አይደለም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው። ከ10 እስከ 30 እያለ የሚለዋወጥ ባለ ዙምም ተዉት። ስታቀርቡት እይታው ይጠባል፣ ይጨልማል፣ ሁለቱ ቱቦዎችም ቶሎ ይዛነፋሉ።

ፊት ለፊታቸው ቀይ የሚያብረቀርቅ ሌንስ ያላቸው ደግሞ አሉ፤ ለዓይን ያምራሉ። ቀዩ ወደ እናንተ የሚመለሰው ብርሃን ነው፤ የተመለሰው ብርሃን ወደ ውስጥ አይገባም። ለድንግዝግዝ የመጨረሻ ምርጫ ናቸው።

ቅቡና ፕሪዝሙ

ነጸብራቅ የሚቀንሰው ስስ ቅብ ያልተቀባ መስታወት ብርሃን በገባበትና በወጣበት በእያንዳንዱ ገጽ 4 በመቶ ገደማ ይመልሳል። በአንድ የመነጽር ቱቦ ውስጥ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ ከዚያም በላይ እንደዚህ ያለ ገጽ አለ። አሥራ ሁለት ጊዜ 4 በመቶ ሲነሳለት ከገባው ብርሃን ዓይን የሚደርሰው 61 በመቶ ያህሉ ነው፤ ቀሪው ውስጥ እየተንጸባረቀ ምስሉን ጭጋግ ያለብሰዋል። በሁሉም ገጽ ላይ ብዙ ድርብ ቅብ ያለው ጥሩ መነጽር ግን 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያስተላልፋል። በካርቶኑ ላይ የምትፈልጉት ቃል «ፉሊ መልቲ ኮትድ» ነው። «ኮትድ» ብቻ ካለ ቢያንስ አንድ ገጽ ተቀብቷል ማለት ነው እንጂ ሌላ አይገልጽም፤ «መልቲ ኮትድ» ካለም የቀሩ ገጾች አሉ።

ካርቶን ይዋሻል፤ መስታወት ግን አይዋሽም። ከአምፖል ሥር ሁኑና የአምፖሉን ነጸብራቅ በፊተኛው ሌንስ ውስጥ ተመልከቱ። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ነጸብራቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ከሚታዩት ነጸብራቆች አንድ እንኳ አምፖሉን ራሱን የሚመስል ደማቅ ነጭ ካለ ያ ገጽ አልተቀባም። መነጽሩን ገልብጣችሁ በዓይን ሌንሱ በኩልም ድገሙት፤ አምራቾች የሚቆጥቡት እዚያ ነው።

ፕሪዝም በቱቦው ውስጥ ያለው የተገለበጠውን ምስል የሚያቀና መስታወት ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ፖሮ ይባላል፤ ቱቦው እንደ ክርን የሚታጠፈው፣ የፊተኛው ሌንስ ከዓይን ሌንሱ ወደ ውጭ የራቀው ነው። ሁለተኛው ሩፍ ነው፤ ቱቦው ቀጥ ያለ፣ ቀጠን ያለ። ሩፍ ለመሸከም ይመቻል፤ ይሁንና ጥሩ እንዲሆን ሁለት ተጨማሪ ቅቦች ያስፈልጉታል። አንደኛው ፌዝ የሚባለው የምስሉን ጥራት የሚጠብቅ ቅብ ነው። ሌላው በፕሪዝሙ ውስጥ ብርሃኑን እንደ ፊት መስታወት የሚመልሰው ቅብ ነው፤ አሉሚኒየም ከሆነ ብርሃን ይበላል፣ ብር ይሻላል፣ ዳይኤሌክትሪክ የሚባለው ከ99 በመቶ በላይ ይመልሳል። ፖሮ ሁለቱም አያስፈልጉትም። በዚህ የተነሳ ዋጋቸው ርካሽና እኩል የሆኑ ሩፍና ፖሮ ጎን ለጎን ከቀረቡ፣ ማታ ላይ ፖሮው ብዙውን ጊዜ ያሸንፋል። ዋጋው ከፍ ባለ ጊዜ ልዩነቱ ይጠፋል።

የፖሮውን መስታወት ዓይነት ለመለየት ያቺን ነጭ ክብ ተመልከቱ። ሙሉ ክብ ከሆነች ፕሪዝሙ ባክ4 የሚባለው የተሻለው መስታወት ነው። ዳርና ዳሯ በግራጫ ጥላ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለች ቢኬ7 ነው፤ ከዳር የሚመጣውን ብርሃን ያጠፋል።

የሩሲያ 7×50 እና 8×30 አሮጌ መነጽሮች በእጅ ከተገኙ አትናቁ። ብዙዎቹ ጠንካራ ናቸው፤ ቢጫ ቃና ስላላቸው ግን ነጭን ወደ ቢጫ ያዞራሉ፣ ሰማያዊ ብርሃን በሚበዛበት ምሽት ጥቂት ብርሃን ያስቀራሉ። ከመግዛት በፊት በፊተኛው ሌንስ በኩል የስልክ ባትሪ አብርታችሁ በሌላው ጫፍ ተመልከቱ። ጥቂት አቧራ ችግር የለውም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካለ ሻጋታ ነው፤ መስታወቱን በልቶ ከሆነ ጠግኖ የሚመልሰው የለም።

ከመክፈል በፊት

ሱቁ ደብረ ማርቆስ ይሁን ባሕር ዳር፣ ሻጩን ማታ ጀንበር እንደጠለቀች እንዲያስሞክራችሁ ጠይቁት። እምቢ ካለ በቀን ብርሃንም የሚሆን መላ አለ፤ ከበሩ ላይ ቆማችሁ በጥላ ያለ ነገር ፈልጉ፣ የቆመ መኪና ሥር፣ የቆርቆሮ ክዳን ጥግ፣ ጨለም ያለ ደጃፍ። ሁለት መነጽሮችን እያፈራረቃችሁ እዚያው ቦታ ላይ ያለ አንድ ጽሑፍ ወይም ገመድ ተመልከቱ። ፀሐይ ያረፈበትን ማስታወቂያ ሰሌዳ ማየት ምንም አያስተምርም፤ በዚያ ሁሉም ጥሩ ነው።

ቀጥሎ የሁለቱን ቱቦ መስማማት ፈትሹ። ሩቅ ያለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ እያያችሁ መነጽሩን ቀስ ብላችሁ ከዓይናችሁ አርቁት። ምሰሶው ሁለት ከሆነ ቱቦዎቹ ተዛንፈዋል፤ ዓይን ለጥቂት ደቂቃ ያስታርቃቸዋል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ራስ ምታት ያመጣል። ምስሉን የሚያጠራው የማስተካከያ ጎማ ልል ወይም የሚያንገጫግጭ ከሆነ ተዉት።

የዓይን መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ዓይናችሁ ከዓይን ሌንሱ 15 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቆ ሙሉውን ክብ ማየት አለበት፤ የላስቲኩን ቀለበት አውርዳችሁ ሞክሩ። ውሃ የማያስገባ፣ ከውስጥ ጉም እንዳይዝ ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላ መሆኑንም ጠይቁ። በክረምት ጉም ለሚውል አገር ይህ ቅንጦት አይደለም።

ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ጉምሩክን ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ስሙ ራሱ የጦር ሜዳ መነጽር ነው፤ ከኮረብታ ላይ ሆኖ በመነጽር የሚቃኝ ሰው ሲታይ ምን እንደሚጠረጠር ማብራራት አያስፈልግም፤ የአካባቢው ሰው አስቀድሞ ይወቅ። አደኑ ራሱም በሕግ ያለ ፈቃድ አይደረግም።

ዓይንን ማስተካከል

መጀመሪያ ማጠፊያውን እያጠፋችሁ ሁለቱ ክቦች አንድ እስኪሆኑ አቀራርቡ። ቀኝ ፊተኛውን ሌንስ ሸፍኑ፤ በመሃል ጎማ የግራውን ዓይን በጥራት አስተካክሉ። ከዚያ ግራውን ሸፍናችሁ ጎማውን ሳትነኩ ቀኝ የዓይን ሌንስ ላይ ያለውን ቀለበት አዙሩ። የቀለበቱ ምልክት የት እንደቆመ በቀለም ጠቋሚ አድርጉበት፤ በጨለማ ሲዞርባችሁ ትመልሱታላችሁ። ይህን በቀን ጨርሱት።

ከመጨለሙ ግማሽ ሰዓት በፊት ስልክ አትመልከቱ። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል፤ አንዲት የስልክ ብልጭታ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ሲጨልም ቀይ ቀለም ቀድሞ ይጠፋል፤ ቀላ ያለው ድኩላ ጥቁር ጥላ ይመስላል፣ ስለዚህ ቀለም ሳይሆን የጀርባ መስመር፣ የጆሮ ቅርጽ፣ የእግር ቀጥታ ፈልጉ። ፍዝዝ ያለውን ነገር በቀጥታ ከማየት ትንሽ ወደ ጎኑ ብታዩ ይጠራል፤ የዓይን መካከል ለጨለማ ደካማ ነው።

መደገፊያውን በተመለከተ፣ ዱላ ከእጁ የማይለይ ሰው ባለ ሦስት እግር ማስቀመጫ መግዛት አያስፈልገውም። ተቀምጣችሁ ዱላውን በጉልበታችሁ መካከል አቁሙ፤ በግራ እጅ የዱላውን ራስና መነጽሩን አንድ ላይ ጨብጡ፣ ክርናችሁን ጉልበት ላይ አሳርፉ። 10×50 በዚህ አያያዝ ይረጋጋል።

ጽዳቱና አቀማመጡ

ብዙ መነጽር የሚበላሸው በጋቢ ጫፍ ሲወለወል ነው። ጋቢው አቧራ ይዟል፤ አቧራው እንደ አሸዋ ወረቀት ቅቡን ይፍቃል፣ የተፋቀ ቅብ ደግሞ አይመለስም። መጀመሪያ በትንፋሽ ሳይሆን በጎማ መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፉ፤ ከዚያ ሃ ብላችሁ በትንፋሻችሁ እንፋሎት አርጥቡትና በንጹሕ የመነጽር ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እየዞራችሁ ጥረጉ።

ምድጃ ባለበት ቤት ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ የጭስ ጥላሸት ስስ ቅባት ሆኖ ይቀመጥበታል፣ በቀን አይታወቅም፣ ማታ ግን ምስሉን ያደበዝዘዋል። በቆዳ ማኅደሩም ክረምቱን ሙሉ አትዝጉት፤ እርጥብ ቆዳ ሻጋታ ያመርታል። በሚዘጋ ላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምታገኟቸውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሦስት አራት ጨምራችሁ አስቀምጡት።

በጮቄ ብርድ የዋለ መነጽር ላብ ያለበት ጋቢ ሥር ቢገባ ሌንሱ ወዲያው በጉም ይሸፈናል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድም እንዲሁ፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ሞቃት አየር ውስጥ ይገባልና። ሌንሱ ከውጭ በኩል ጉም ከያዘ አትጥረጉት፤ በቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ራሱ ይለቃል። ጉሙ ከውስጥ በኩል ከሆነና በማግስቱም ካለ ግን ማኅተሙ ተከፍቷል፤ ከክረምቱ በፊት ባለሙያ ጋር አድርሱት።