ሣር የለበሰ የጎርፍ ቦይን የሚያበላሹ ስህተቶች

ዝናብ በሌለበት ወቅት በቤቶች ፊት ለፊት የሚያልፍ ሣር የለበሰ የጎርፍ ቦይ ጥቅም የሌለው ጎድጓዳ መሬት ይመስላል። አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመውም ያኔ ነው።

ከሁሉ የከፋው ቦዩን በአፈር ሞልቶ ደጅን «ማስተካከል» ነው። ለሞላው ሰው ደጁ አምሮለታል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን መሄጃ ያጣው ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ ከላይ ያለውን ጎረቤት ግቢ ያጥለቀልቃል። በቦዩ ወለል ላይ ቁጥቋጦ መትከልና ለመኪና መግቢያ ሲባል ጠባብ ቱቦ መቅበርም ውጤታቸው ያው ነው። መሻገሪያ የግድ ካስፈለገ የቱቦው ስፋት በባለሙያ ይሰላ፤ ቦዩን ከሚያስተዳድረው አካልም ፈቃድ ይጠየቅ።

ሣሩን እስከ ሥሩ ማጨድ ከትጋት የሚመጣ ስህተት ነው። የጎርፉን ፍጥነት የሚሰብረውና ደለሉን የሚያስቀረው የቆመው ሣር ነው፤ የተላጨ ቦይ ግን ይሸረሸራል። ቁመቱ ከ7 እስከ 15 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃል፤ በአንድ ጊዜም ከሲሶው በላይ አይቆረጥ። ያለልክ ሲረዝም ደግሞ ጎርፍ ሲመጣበት ይተኛና ማጣራቱ ይቀራል። አፈሩ እርጥብ ሳለ ማጨጃ ማስገባት የጎማ ፋና ያወጣል፤ ውሃም እዚያው ይቋጥራል። የታጨደው ሣርና የወደቀው ቅጠል ካልተነሣ የመጀመሪያው ዝናብ ወስዶ ቱቦው አፍ ላይ ይወትፈዋል።

መኪና ማቆሚያ ማድረጉንስ? አፈሩ ከተጠቀጠቀ ውሃ አይሰርግም። ነገሩ ይኸው ነው።

ደለል ማውጣት ላይ ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። መጀመሪያ ሣሩ እስኪቀበር ዝም ይላል፤ ቀጥሎ በንዴት አካፋ አንሥቶ ከቀድሞው ወለል በታች ይቆፍራል። በዚህ መንገድ የተቆፈረው ቦታ ኩሬ ይሆናል፣ እንደ ግድግዳ የተቆረጠው ጠርዝም ይናዳል። የሚወጣው የተከማቸው ደለል ብቻ ነው፤ ተዳፋቱም ወደ መውጫው እንደነበረ ይቆይ። የተራቆተው ቦታ ወዲያው ሣር ይዘራበት።

ዝናቡ ካባራ ከ48 ሰዓት በኋላም ውሃ ከተኛ የሆነ ቦታ ተዘግቷል ወይም ሰርጉዷል ማለት ነው። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር በሞቃት ወራት አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል፤ መድኃኒት መርጨት ግን መንስኤውን አይነካም። ቱቦውን መፈተሽ ይቀድማል።

ማዳበሪያና ፀረ አረም፣ የመኪና ዘይትና የቀለም ብሩሽ እጣቢ ቦዩ ውስጥ ከገቡ የሚቀጥለው ዝናብ ይዟቸው ወደ ወንዝ ይወርዳል።