ሺ እግር፣ መቶ እግርና አይሶፖድ ስትመዘግቡ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

አይሶፖድ የምንለው የሸርጣን ዘመድ የሆነውን፣ የብስ ላይ የሚኖረውን ትንሽ እንስሳ ነው። በቀን እንጀምር። ብዙ መዝገብ ገደል የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

«5/11/2016» ብሎ የጻፈ ሰው ሐምሌ 5 ማለቱ ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 12 ቀን 2024። ኮምፒውተሩ ግን እንደ አቀማመጡ ወይ ሜይ 11 ወይ ኖቬምበር 5 ቀን 2016 ብሎ ይቀበለዋል። ዓመቱ ወደ ኋላ መሄዱ ሳያንስ፣ በክረምት ጭቃ የተገኘው ሺ እግር በጥቅምት ፀሐይ የወጣ ሆኖ ይቀመጣል። ወቅትን ለማጥናት የተሰበሰበ መረጃ ወቅቱ ከጠፋ ምን ቀረው? ጳጉሜን ደግሞ ይብሳል። ጳጉሜን 3ን «3/13/2016» ብላችሁ በአሜሪካ አቀማመጥ ኤክሴል ላይ ከሞላችሁ ማርች 13 ያደርገዋል፤ ስህተት አለ እንኳ አይላችሁም። ሰዓቱም ያው ነው። ፎቶው 20:14 ይላል፣ ደብተሩ 2፡14 ይላል፤ ኋላ የሚያነበው የቱን ይመን? የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ፣ ማታ ወይም ጠዋት መሆኑን ጨምሩ። ኢንተርኔት ላይ ስትጭኑ 2024-07-12 በሚለው ቅርጽ ብቻ። ደጋግመን ተናግረናል፤ አሁንም «5/11» እየመጣ ነው።

«ፒያሳ፣ ካፌው ጀርባ» አድራሻ አይደለም። ፒያሳ ላይ ስንቱ ቤት እንደፈረሰ እያያችሁ! ስልኩ የሚሰጣችሁን ኮኦርዲኔት (የቦታውን መለያ ቁጥር) እስከ አምስት ዴሲማል ገልብጡ፤ በስንት ሜትር ሊሳሳት እንደሚችልም አስፍሩ። ከምን ስር እንደተገኘም ይጻፍ፦ የጽድ ቅጠል ብስባሽ፣ የወደቀ ግንድ ቅርፊት፣ የግንብ ስንጥቅ። በመንገድ ዳር ከተተከለ የችግኝ አፈር ከሆነ ይህንኑ አትደብቁ። ኦክሲደስ ግራሲሊስ የተባለው ሺ እግር ከምሥራቅ እስያ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባ አፈር ነው። ከችግኝ አፈር የወጣና ከቤተ ክርስቲያን አሮጌ ጽድ ስር የወጣ በአንድ ዓይን አይታዩም።

እግር ስትቆጥሩ ከመሃል ጀምሩ። በአንድ የሰውነት ቀለበት ሁለት ጥንድ ካለው ሺ እግር፣ አንድ ጥንድ ካለው መቶ እግር ነው። የሺ እግር አንደኛው ቀለበት እግር የለውም፤ ቀጣዮቹ ሦስት ደግሞ አንድ አንድ ጥንድ ብቻ ስለያዙ ከራሱ በኩል የጀመረ ይሳሳታል። የየብስ አይሶፖድ ሰባት ጥንድ እግር አለው፣ ገና የተፈለፈለው ግን ስድስት።

ፎቶ አይቶ ዝርያ የሚገምተው የስልክ አፕሊኬሽን የአውሮፓ ዝርያ ስም ሲያቀርብላችሁ ተሽቀዳድማችሁ አትቀበሉ። ብዙው ሺ እግር በዝርያ የሚለየው በአዋቂው ወንድ ጎኖፖድ ነው፤ ይኸውም በሰባተኛው ቀለበት ላይ ወደ መራቢያነት የተለወጠ እግር ነው። ከጀርባው የተነሳ ፎቶ ይህን አያሳይም። ገልብጣችሁ አንሱት፤ ሰባተኛው ላይ እግር የጎደለ ከመሰለ ወንድ ነው። ሴትና ግልገል ብቻ ካገኛችሁ ከቤተሰብ (ፋሚሊ) ስም አትለፉ፣ አያሳፍርም።

መቶ እግርን በእግሩ አንጠልጥላችሁ አታንሱ፣ ጥሎላችሁ ይሄዳል። በተለይ የመጨረሻው ጥንድ ለመለየት ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ስለሚናደፉ በወረንጦ ብቻ። ሺ እግር አይናደፍም፤ ነገር ግን አንዳንዱ የሚረጨው ኩዊኖን የተባለ ኬሚካል ጣት ያጠቁራል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ ፖሊዴስሚዳ የተባሉት ጠፍጣፎቹ ደግሞ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ያወጣሉ። ስለዚህ በአፍ በሚሳብ ቱቦ አትምጠጧቸው፤ ከሌላ ነፍሳት ጋርም በአንድ ብልቃጥ አትዝጉባቸው።

ናሙና ለማቆየት ካቲካላ አይሆንም (ይጠየቃል!)። የሚፈለገው ከ70 እስከ 80 በመቶ ኢታኖል ነው፦ 70 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ ላይ 26 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ። በማግስቱ ቀይሩት፣ የእንስሳው ፈሳሽ ያቀጥነዋል። ፎርማሊን ዲኤንኤ ያበላሻል። ወረቀቱን በእርሳስ ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል።

ጥር ላይ ሁለት ድንጋይ ገልብጦ «የለም» ብሎ መጻፍ አያዋጣም። በበጋ ወደ አፈር ጠልቀው ይገባሉ። ስንት ሰው ስንት ደቂቃ እንደፈለገ ካልተጻፈ «የለም» ባዶ ቃል ነው። ድንጋዩንም እንደነበረ መልሱት።

የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መቆፈር የሚፈልግ አስቀድሞ አስተዳዳሪውን ያናግር። ናሙና ወደ ውጭ አገር ለመላክ ደግሞ ከኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሳትይዙ ፖስታ ቤት አትሂዱ።