እስክሪብቶ መሳዩ ከተር ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሞዴል ልስራ፣ ካርቶን ልቁረጥ፣ ስቴንስል ላውጣ፣ እጄ መጀመሪያ የሚያነሳው እንደ እስክሪብቶ የሚያዘውንና 11 ቁጥር የሚባለው ሹል ምላጭ የሚገባበትን ቀጭኑን ከተር ነው። በጣም ነው የምወደው፣ ለዛም "አይረባም" ተብሎ ሲጣል ሳይ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጀታው ሳይሆን የምላጩ ጫፍ ነው፣ ያውም የመጀመሪያዋ አንድ ሚሊሜትር።

ወረቀቱን ይቦጫጭቃል እንጂ አይቆርጥም

ጫፉ ዶልዱሟል። ቀሪው ስለት አዲስ ሊመስል ይችላል ግን ስራውን ሁሉ የሚሰራው ጫፉ ስለሆነ እሱ ነው ቀድሞ የሚሞተው። ለማረጋገጥ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራት ስር ቀስ እያላችሁ አገላብጡት፣ የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም፣ ጫፉ ላይ ነጭ ብልጭ የምትል ነጥብ ካያችሁ እዛ ጋ ወይ ደንዟል ወይ ተሰብሯል። ትንሽ ብቻ ከደነዘ ቆዳ ላይ ጀርባውን አስቀድማችሁ በሁለቱም ጎን አስር አስር ጊዜ ጎትቱት ይመለሳል፣ ከተሰበረ ግን አትድከሙ ቀይሩት። በአዲስ ምላጭም ከቦጨቀ ወይ ወረቀቱ እርጥበት ይዟል ወይ ከስር ያለው ማት (የመቁረጫ ምንጣፉ) ተቦርቡሮ ጫፉ የድሮው መስመር ውስጥ እየገባ ነው።

ምላጩ እየቆረጣችሁ ይወዛወዛል

ምላጩን የሚነክሰው የብረቱ አፍ ውስጥ የወረቀት ብናኝና ሙጫ ገብቷል፣ ወይ ምላጩ እስከ ታች አልገባም፣ ወይ ማጥበቂያው ላልቷል። ሙሉ በሙሉ ፍቱት፣ ስንጥቁን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱ፣ ምላጩን እስከሚቆም አስገብታችሁ በእጅ አጥብቁ። በፒንሳ ማጥበቅ አልመክርም፣ ጥርሱ ይበላል ከዛ እጀታው አለቀለት። ስራ መሀል ላይም አንዳንዴ ነካ አድርጋችሁ እዩት፣ ከተሩን ጣት መሀል ባሽከረከርን ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየላላ ይሄዳል።

ጫፉ ቶሎ ቶሎ ይሰበራል

ይሄኛው የአያያዝ ነገር ነው። ምላጩ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ በስለቱ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መጎተት ይችላል፣ ወደ ጎን መጠምዘዝ ግን አይችልም። ክብ ስትቆርጡ እጃችሁን ሳይሆን ወረቀቱን አዙሩት። ወፍራም ነገር በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትጫኑ፣ እኔ ፎም ቦርድ ስቆርጥ መጀመሪያ የላዩን ወረቀት ብቻ፣ ቀጥሎ ፎሙን፣ መጨረሻ የታቹን ወረቀት እያልኩ በሶስት አራት ዙር ነው የምጨርሰው ጠርዙም በጣም ያምራል። የተሰበረችውን ጫፍ ሳታገኙ ስራ አትቀጥሉ፣ በማግኔት ፈልጓት፣ መነጽርም አድርጉ።

ጠርዙ ዘመም ብሎ ይወጣል

ከተሩ ወደ ማስመሪያው ወይ ወደ ውጪ ጋደል ብሏል፣ ከፊት ለፊት ሲታይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ማስመሪያው የብረት ይሁን፣ ፕላስቲኩን ይልጠዋል። ደሞ ማስመሪያውን ሁሌ በምትፈልጉት ቁራጭ ላይ አድርጉት፣ እጅ ቢያዳልጥ የሚበላሸው የሚጣለው ይሆናል።

ይጣበቃል፣ ይዝጋል

የፕላስተር ሙጫ ነው፣ ጨርቅ አልኮል ውስጥ ነክራችሁ ከጀርባው ወደ ስለቱ ጥረጉት፣ በተቃራኒው ከጠረጋችሁ ጣታችሁን ነው የምትቆርጡት። ምላጩ ካርበን ስቲል (የሚዝገው የብረት አይነት) ከሆነ ስትጨርሱ ስስ የማሽን ዘይት ቀቡት፣ ወረቀት ከመንካቱ በፊት ግን ጥረጉት።

እየተሰበረ የሚታደሰውን ከተር ለምትጠቀሙ ደሞ፣ ዮሺዮ ኦካዳ የሚባል ጃፓናዊ በ1956 እ.ኤ.አ. ሲሰራው ዋናው ሀሳብ ይሄው የጫፉ መሞት ነበር፣ ስለዚህ ለመስበር አትሳሱ። መስመር እየሳተ ካስቸገራችሁ ምላጩን ብዙ ስላወጣችሁት ነው፣ አንድ ወይ ሁለት ክፍል ይበቃል። በፒንሳ ይዛችሁ ከፊታችሁ አርቃችሁ ስበሩት፣ ስባሪውን ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት፣ ሲሞላ በፕላስተር አሽጋችሁ ነው የሚጣለው።